ኮኮናት ማድረቅ፦ በፀሐይ፣ በጭስ ወይስ በሞቃት አየር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮኮናት እኛ ዘንድ በብዛት የሚታወቀው ደርቆና ተፈጭቶ በከረጢት ሲመጣ ነው። ኬክ ላይ ይበተናል፣ ብስኩት ውስጥ ይገባል፣ በጾም ወቅትም ይፈለጋል። ከዚያ በፊት ያለፈበትን መንገድ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንዱ ከረጢት ነጭና ጣፋጭ፣ ሌላው ቢጫና የሳሙና ጣዕም ያለው የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በአደራረቁ ምክንያት ነው። ኮኮናት በብዛት የሚደርቀው በፊሊፒንስ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በደቡብ ሕንድ፣ በስሪላንካና በፓስፊክ ደሴቶች ስለሆነ፣ ምሳሌዎቹም ከዚያው ናቸው።

አጭሩን ንገረኝ፤ የትኛው ዘዴ ይሻላል?

መጀመሪያ አንተ ንገረኝ፤ ልትበላው ነው ወይስ ዘይት ልታወጣበት? ለመብላት ከሆነ ንጹሕ ሞቃት አየር የሚጠቀም ማድረቂያን የሚያህል የለም። ለዘይት ከሆነም ጭሱ ኮኮናቱን የማይነካበት ማድረቂያ ይመረጣል። አስተማማኝ ፀሐይ ባለበት አገር ፀሐይ ጥሩ ነው፣ ወጪም የለውም። በቀጥታ እሳትና ጭስ ማድረቅ ርካሽ ነው፣ ዝናብም አያግደውም። በጥራት ግን የመጨረሻው እሱ ነው።

ኮኮናት «ደረቀ» የሚባለው መቼ ነው?

የበሰለ ኮኮናት ነጩ ሥጋ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ዘይት የሚጨመቅበት ደረቅ ሥጋ ኮፕራ ይባላል። ጥሩ ኮፕራ የሚቀረው እርጥበት ከ6 እስከ 7 በመቶ ነው። ሱፐርማርኬት የምናገኘው የተፈጨው ደግሞ ከዚያም ይደርቃል፤ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል።

መለኪያ መሣሪያ ከሌለህ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃሃል። 1 ኪሎ ትኩስ ሥጋ ውስጥ 500 ግራም ያህል ውሃ፣ 500 ግራም ያህል ደረቅ ነገር አለ። ደረቁ ነገር የትም አይሄድም። ስለዚህ ሚዛኑ 532 ግራም አካባቢ ሲደርስ እርጥበቱ 6 በመቶ ሆኗል ማለት ነው። 515 ግራም ሲደርስ 3 በመቶ ነው። 570 ላይ ቆመህ «በቃ ደርቋል» ካልክ ግን ገና 12 በመቶ ውሃ አለው፤ ያ ደግሞ ለሻጋታ ድግስ ነው። በእጅ ዳስሶ መገመት ያታልላል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ኮኮናት ብዙ ነው።

ፀሐይ በነፃ እያለ ሌላው ሁሉ ለምን አስፈለገ?

ፀሐይ ነፃ ናት፤ ጊዜዋ ግን ነፃ አይደለም። ኮኮናቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ግማሾቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይሰጣሉ። ሁለት ቀን ያህል ጥሩ ፀሐይ ካገኘ ሥጋው ይኮማተርና ከቅርፊቱ መላቀቅ ይጀምራል። ያኔ ተፈልቅቆ ለብቻው ይሰጣል። ሁሉም ነገር ከሰመረ በአምስት ወይም በሰባት ቀን ያልቃል።

ችግሩ «ከሰመረ» የሚለው ላይ ነው። ኮኮናት የሚበቅለው በሞቃትና እርጥበት በበዛበት የባሕር ዳርቻ ነው። ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል፣ ሌሊት ጤዛ ይወርዳል። መጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ሥጋው እርጥብ፣ ጣፋጭና ለብ ያለ ሆኖ አንድ ቀን ደመና ከዋለበት ባክቴሪያውም ሻጋታውም ቦታውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቢያቃጥል ያ ጉዳት አይመለስም።

በፀሐይ የሚያደርቅ ሰው ሁለት ነገር ቢያደርግ ውጤቱ በጣም ይለያል። አንደኛው መሬት ላይ አለመስጣት ነው። ቡና አምራቾቻችን እንደሚያደርጉት ከፍ ባለ የወንፊት አልጋ ላይ ቢሰጣ አየር ከታችም ያገኘዋል፤ አሸዋ፣ ዶሮና ውሻም አይደርሱበትም። ሁለተኛው ማታ ማታ መሸፈን ነው። ሸራው ግን ኮኮናቱን መንካት የለበትም፤ ከነካው ላቡን መልሶ ያጠጣዋል።

የጭስ ምድጃ ይህን ያህል ከተወቀሰ ለምን አይቀርም?

ስለሚሠራ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ታፓሃን ይሉታል። ጉድጓድ ወይም ዝቅ ያለ ምድጃ ይሠራል፣ ከላዩ የቀርከሃ ርብራብ ይዘረጋል፣ ከታች የኮኮናቱ ቃጫ (የውጭው ልባስ) እና ጠንካራው ቅርፊት ይነዳል። ቤት ውስጥ ያለ ቁሳቁስ ይበቃል። ክረምት ከበጋ ይሠራል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጨርሳል። በየወሩ የሚለቅም ገበሬ ዝናብ እስኪያባራ መጠበቅ አይችልም።

ዋጋው ግን ይህ ነው፦ እሳቱን በደንብ መቆጣጠር አይቻልም። ከእሳቱ አጠገብ ያለው ያርራል፣ ከዳር ያለው ጥሬ ይቀራል። ቃጫው ሲጨስ ሥጋው ይጠቁራል፣ ዘይቱም ጭስ ጭስ ይላል። ከሁሉ የከፋው በጭሱ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን የሚባለው ካንሰር አምጪ ውህድና መሰሎቹ ናቸው። እነዚህ ዘይት ይወዳሉ፤ ገብተው ይቀመጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት ለምግብ ዘይት የፈቀደው የቤንዞፓይሪን መጠን በኪሎ 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ካለ ኮፕራ የወጣ ዘይት በፋብሪካ ተጣርቶ፣ ነጥቶና ሽታው ተወግዶ ካልሆነ በቀር ለገበያ አይሆንም። ማጣሪያ ሆኖ ከሚያገለግለው አንዱ የነቃ ከሰል ሲሆን እሱ ራሱ ከኮኮናት ቅርፊት ሊሠራ ይችላል። ዛፉ ያጨሰውን ራሱ ሲያጸዳ ማየት ያስቃል።

የስሪላንካው ምድጃስ? እሱም እሳት ነው አይደል?

እሳት ነው፤ ማገዶው ግን ይለያል። ስሪላንካዎች ቃጫውን ትተው ቅርፊቱን ብቻ ያነዳሉ። የደረቀ ቅርፊት ሲነድ ጭሱ ትንሽ ነው። ግማሽ ግማሽ ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው እየተደራረቡ በረድፍ ይደረደራሉ፣ ጫፉ ላይ ይለኮሳል፣ እሳቱ ቀስ እያለ ረድፉን ይከተላል። ሰው ቁጭ ብሎ መቆስቆስ አያስፈልገውም። ሙቀቱም ሳይዋዥቅ ለሰዓታት ይቆያል። በሦስት አራት ቀን ነጣ ያለ ኮፕራ ይወጣል። ከታፓሃን ይዘገያል፤ ለእኔ ግን በቀጥታ እሳት ከሚሠሩት ሁሉ የበለጠ ያሰቡበት ይህ ነው። አዲስ ብረት ሳይገዛ፣ ማገዶ በመምረጥ ብቻ ጥራት ተሻሻለ።

«ጭሱ የማይነካበት» ማድረቂያ ምን ይመስላል?

በጣም የታወቀው ኩኩም ይባላል፤ ከሰለሞን ደሴቶች የመጣ ነው። ባዶ የነዳጅ በርሜሎች ጫፍና ጫፋቸው ተገጥሞ ረጅም ቧንቧ ይሆናሉ። እሳቱ በአንዱ ጫፍ ውስጥ ይነዳል፣ ጭሱ በርሜሎቹን አቋርጦ በጭስ ማውጫው ይወጣል። በርሜሎቹ ይግላሉ፤ በዙሪያቸው ያለው አየር ይሞቅና ወደ ላይ ይወጣል። ኮኮናቱ ከላይ በወንፊት አልጋ ላይ ነው። የሚያገኘው ሞቃት አየር እንጂ ጭስ አይደለም።

እሳቱ በወጉ ከተያዘ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ነጭ ኮፕራ ይሰጣል። ድካሙ በርሜሎቹ ላይ ነው። ስሱ ቆርቆሮ በእሳትና በባሕር አየር መካከል ሆኖ ይዝጋል፣ ይበሳል። አንዴ ከተበሳ ጭሱ ሾልኮ ይገባና ማድረቂያው ሳይታወቅ ታፓሃን ይሆናል። ጎረቤት ያለውን ኩኩም ልትገዛ ከሆነ ከቀለሙ በፊት በርሜሎቹን ፈትሽ።

ሕንድ ውስጥ ኬረላ ካሳራጎድ የሚገኘው የተክል ሰብሎች ምርምር ተቋምም በዚሁ ሐሳብ በቅርፊት የሚሠሩ ትንንሽ ማድረቂያዎች ሠርቶ ለገበሬዎች አሰራጭቷል።

በላስቲክ የተሸፈነው የፀሐይ ማድረቂያ ዋጋ ያወጣል?

ቀን ላይ አዎ። በግልጽ ላስቲክ የተሸፈነ ቤት ወይም ዋሻ ውስጥ ሙቀቱ ከውጭው በብዙ ይበልጣል፣ አቧራም ዝንብም አይገባም። ደቡብ ሕንድ ውስጥ ሳምንት የሚፈጀውን ወደ ሦስት ቀን ገደማ አውርደውታል። የአየር መውጫ ግን የግድ ነው። ብዙ ሰው ሙቀት እንዳይወጣበት ብሎ ሁሉንም ይዘጋል። ያኔ ማድረቂያ ሳይሆን የእንፋሎት መታጠቢያ ሠራ ማለት ነው። ማታ ሙቀት የለም፤ ደመና ሲሆንም እንደዚያው። ለዚህ ነው ላስቲኩን ከትንሽ ምድጃ ጋር አጣምረው የሚጠቀሙት።

ማገዶ የሚቆጥበው የትኛው ነው?

እስቲ እናስላው። 1 ኪሎ ኮፕራ ለማግኘት 1.9 ኪሎ ያህል ትኩስ ሥጋ ያስፈልጋል፤ ያ ማለት እንደ ፍሬው መጠን አምስት ስድስት ኮኮናት ነው። ከእሱ ውስጥ 0.9 ኪሎ ያህል ውሃ መትነን አለበት። ይህን ውሃ ለማትነን በንድፈ ሐሳብ 2 ሜጋጁል አካባቢ ሙቀት ይበቃል። የእነዚያው ኮኮናቶች ቅርፊት ደግሞ ሲነድ ከዚህ ከአምስት እጥፍ በላይ ሙቀት ይሰጣል። ኮኮናት ማገዶውን ይዞ ነው የሚመጣው።

ታዲያ ለምን ማገዶ ያጥራል? ምክንያቱም በክፍት ጉድጓድ የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ሰማይ ነው የሚያሞቀው። ግድግዳ ያለው፣ አየሩ የሚመጠን ማድረቂያ የራሱን ቅርፊት እንኳ አይጨርስም። ይህ ደግሞ ገንዘብ ነው፤ የተረፈው ቅርፊት ለከሰል ይሸጣል። ቅርፊት ገዢ ባለበት አካባቢ ማገዶ ቆጣቢ ማድረቂያ ራሱን የሚከፍለው በዚህ በኩል ነው። ገዢ በሌለበት ግን ገበሬው ለመቆጠብ ለምን ይጨነቅ?

ኤሌክትሪክና በቅዝቃዜ ማድረቅስ ለሚሉ፦ የመጀመሪያው ለፋብሪካ ነው፤ ሁለተኛው ጣዕሙን በጣም ይጠብቃል፣ ዋጋው ግን ለተራ ኮኮናት የሚቀመስ አይደለም።

ሙቀቱን ብጨምርበት ቶሎ አይደርቅልኝም?

ሥጋው ወፍራም ከሆነ አይደርቅም። መጀመሪያ ላይ ኃይለኛ ሙቀት ካገኘው ላዩ ይጠነክርና ይዘጋል። የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። ከላይ ቡናማ፣ ከመሀል እርጥብ የሆነ ነገር ይቀርሃል። ለግማሽ ኮኮናት 50 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ፣ ከ60 ብዙም ሳይርቁ ሳያቋርጡ መቀጠል ይሻላል። ከእሳት ይልቅ የአየር እንቅስቃሴ ነው ሥራውን የሚያፋጥነው። የተፈጨ ኮኮናት ሌላ ነገር ነው፤ ቅንጣቱ ትንሽ ስለሆነ በፋብሪካ ከፍ ያለ ሙቀት ለአጭር ጊዜ ይችላል።

የፍሬውን ዕድሜም አትርሳ። ያልበሰለ ኮኮናት በየትኛውም ማድረቂያ ቢገባ ላስቲክ የመሰለ ኮፕራ ነው የሚሆነው። ከአበባው 11 ወይም 12 ወር የሞላው ይሻላል።

ሻጋታ ካወጣ ጠርጌ ብጠቀምበትስ?

አይሆንም። መርዝ ያለው ሁሉም ሻጋታ አይደለም፤ ግን የትኛው እንዳለው በዓይን መለየት አይቻልም። ቢጫ አረንጓዴው አስፐርጊለስ ፍላቨስ አፍላቶክሲን ያመነጫል። አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። ሻጋታው ቢጠረግ መርዙ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ምግብ የምናበስልበት ሙቀትም አያጠፋውም።

ዘይቱ በፋብሪካ ሲጣራ አብዛኛው መርዝ ይወገዳል። ከጭማቂው የተረፈው ፋጉሎ ውስጥ ግን ይከማቻል። ፋጉሎው ለላም ይሰጣል፣ ላሟ መርዙን ለውጣ ከፊሉን ወደ ወተቷ ትልከዋለች። ይህ ለእኛ እንግዳ ወሬ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተት ላይ አፍላቶክሲን ሲገኝ ጣት የተቀሰረው በመኖው፣ በተለይም በኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ሰብሉ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ የቅባት እህል።

ገበሬው ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን በደንብ አያደርቅም?

ሚዛኑ ስለሚቀጣው ነው። ከላይ ያለውን ስሌት ተመልከት። ያው 1 ኪሎ ትኩስ ሥጋ 12 በመቶ እርጥበት ላይ 568 ግራም ይመዝናል፤ 6 በመቶ ላይ 532። ነጋዴው በኪሎ አንድ ዓይነት ዋጋ ከከፈለ፣ በደንብ ያደረቀው ገበሬ ማገዶም ጊዜም አውጥቶ 36 ግራም ከሰረ። ፊሊፒንስ ውስጥ ነጋዴዎች ኮፕራውን ሰብረው አይተው እርጥበቱን በመገመት ከክብደቱ ላይ ይቀንሳሉ። ግምቱ የነጋዴው ነው፤ ገበሬው ብዙ አይከራከርም። አዲስ ማድረቂያ አድሎ የዋጋ አሠራሩን ሳይነኩ የሄዱ ፕሮጀክቶች ማድረቂያው ዶሮ ማደሪያ ቢሆን ሊገርማቸው አይገባም።

ሱፐርማርኬት ያለው ነጩ የተፈጨ ኮኮናት ከየትኛው ነው የሚሠራው?

ከኮፕራ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እሱ ከትኩስ ሥጋ ነው የሚሠራው። ቡናማው ስስ ቆዳ በቢላ ይላጣል፣ ሥጋው ይታጠባል፣ በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ይነከራል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በሞቃት አየር በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ስሪላንካና ፊሊፒንስ በዚህ ይታወቃሉ።

የሙቅ ውሃው ደረጃ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 አውስትራሊያ ውስጥ የታይፎይድና የሳልሞኔላ በሽታ ተነስቶ ምንጩ ሲፈለግ ደረቅ ኮኮናት ሆኖ ተገኘ። ማድረቅ ተሕዋስያንን አስተኝቶ ያስቀምጣል እንጂ አይገድልም። ደረቅ ምግብ ውስጥ ሳልሞኔላ ለወራት ይቆያል። ሳይሰበር ኮኮናቱ ውስጡ ንጹሕ ነው፤ የሚበከለው ከተከፈተ በኋላ በእጅ፣ በመሬትና በውሃ ነው።

አንዳንዱ ከረጢት ላይ ሰልፋይት የሚል ታገኛለህ። ንጣቱን ለመጠበቅ ነው። አስም ያለበት ሰው ቢያነበው ጥሩ ነው።

ሙሉውን ሳይሰበር የሚያደርቁት አሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

አዎ። ሕንድ ውስጥ በካርናታካ ቲፕቱር የታወቀ ነው። ከነቃጫው ለብዙ ወራት፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ በጣሪያ ሥር በቆጥ ላይ ያስቀምጡታል። ውስጡ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ ሥጋው ከቅርፊቱ ተላቆ ድብልብል ኳስ ይሆናል። ሲነቀነቅ ይንኳኳል። ይበላል፣ ለሃይማኖት ሥርዓትም ይውላል፣ ዋጋውም ጥሩ ነው። ለቸኮለ አይደለም።

ቤት ውስጥ ለራሴ ማድረቅ ብፈልግስ?

ይቻላል፣ ቀላልም ነው። ኮኮናቱን ስበር፣ ሥጋውን አውጣ፣ ቡናማውን ቆዳ በድንች መላጫ ላጥ። የፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ንከረውና አጥልለው። ከዚያ በመላጫው ስስ አድርገህ ክተፈው ወይም በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቀው። ስስነቱ ከሙቀቱ ይበልጣል።

ምድጃ ካለህ ዝቅተኛው ላይ፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ፣ በሩን በማንኪያ ትንሽ ገርበብ አድርገው። በሩ ከተዘጋ እንፋሎቱ የት ይሄዳል? በየግማሽ ሰዓቱ አገላብጠው። ቡናማ መሆን ከጀመረ እየተጠበሰ ነው፤ ለኬክ ያምራል፣ ግን ማድረቅ አይደለም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የፍራፍሬ ማድረቂያ ማሽን ካላችሁ 57 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ተኙ።

አዲስ አበባ በበጋ ፀሐዩ ኃይለኛ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ስስ የሆነ ኮኮናት በወንፊት ላይ በነጭ ሻሽ ተሸፍኖ ይደርቃል። በክረምት አትሞክረው። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ሙቀቱ አያታልላችሁ፤ የባሕሩ እርጥበት ማታ መልሶ ያረጥበዋል። ከመግሪብ በፊት ወደ ቤት አስገቡት።

የገዛሁት ደረቅ ኮኮናት ሳሙና ሳሙና ይላል። ምን ሆኖ ነው?

ከኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ ነው፤ ሳሙና ሠሪዎችም የሚወዱት ለዚህ ነው። ጤነኛ ዘይት ውስጥ አሲዱ ታስሮ ስለሚቀመጥ ጣዕሙ አይሰማም። እርጥበት ሲገባና ሻጋታ ወይም ባክቴሪያ ሲነሳ ማሰሪያው ይፈታል፣ ነፃ የሆነው አሲድ ምላስ ላይ ሳሙና ይላል። ወይ መጀመሪያውኑ በደንብ አልደረቀም፣ ወይ ሱቅ ውስጥ ከረጢቱ ተከፍቶ እርጥበት ጠጥቷል። አያገግምም፤ ጣለው።

አዲሱን በጥብቅ በሚዘጋ ማሰሮ፣ ከብርሃንና ከምድጃ ርቆ አስቀምጠው። ከማቀዝቀዣ ካስቀመጥከው ማሰሮውን ከመክፈትህ በፊት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቅ፤ ያለዚያ ጠሉ ኮኮናቱ ላይ ያርፋል።